የጽጌ የጓሮ በር

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሴት አይደለሁም፣ ይህን ከሁሉ በፊት ያዙልኝ። ሰፈራችን ውስጥ «እነ እገሌ ቤት ኮርኒስ ላይ ሰው ይሄዳል» ሲባል መሰላል አስመጥቼ፣ የስልኬን መብራት አብርቼ የምወጣው እኔ ነኝ፣ ወጥቼም ከነልጆቿ የተኛች ድመት አውርጄ አውቃለሁ፣ ጎረቤቶቼም «የሺ እኮ ልቧ ድንጋይ ነው» ይሉኛል፣ እኔም ከፍቶኝ አያውቅም። እግዚአብሔርን አምናለሁ፣ እሁድ እሁድ እንጦጦ ማርያም ወጥቼ እሳለማለሁ፣ ጾም አልገድፍም። ከዚያ ውጭ ያለውን ግን፣ የማይታይ ሰው ተጣራ፣ ባዶ ቤት ውስጥ በር ተንኳኳ የሚለውን ሁሉ፣ ሥራ መፍታት የወለደው ወሬ ነው እያልኩ ስስቅበት ነው የኖርኩት። አሁን የምነግራችሁን ነገር ሌላ ሰው ነግሮኝ ቢሆን ኖሮ እስቅ ነበር። እንግዲህ የፈለገ ይሳቅ፣ እኔ ሳቄ ካለቀ ቆይቷል።

ቤቴ ጉለሌ ነው፣ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ የሚያወጣውን መንገድ ይዛችሁ ትንሽ ሽቅብ እንዳላችሁ በስተግራ የሚገባው ቅያስ ውስጥ። አባታችን የተወልን ግቢ ነው፣ ለእኔና ለታናሽ እህቴ ለጽጌ እኩል ተከፍሎ፣ መሃሉ ላይ አንድ ግድግዳ ቆሞ፣ እሷም በበኩሏ እኔም በበኩሌ ፔንሲዮን ከፈትንበት። ፔንሲዮን ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፣ ያው የአባታችን ጭቃ ቤት ነው፣ በቺፑድ ክፍል ክፍል ተደርጎ፣ አንደኛው ክፍል ውስጥ ሰው ሲያስነጥስ ሦስተኛው ክፍል ያለው «ይማርህ» የሚልበት። እንግዶቻችን አብዛኞቹ ጸበልተኞች ናቸው፣ ከየአገሩ ታመው ወይም የታመመ ይዘው ወደ እንጦጦ ጸበል የሚመጡ፣ ጎሕ ሲቀድ ወጥተው ተጠምቀው፣ ቢጫ ጀሪካናቸውን ሞልተው የሚመለሱ፣ ክፉ የማይወጣቸው ሰዎች።

ጽጌ ከእኔ በብዙ ታንሳለች። እናታችን ስትሞት ገና ልጅ ስለነበረች በእኔ እጅ ነው ያደገችው፣ ፀጉሯን የሠራሁላት፣ ትምህርት ቤት ያደረስኳት እኔ ነኝ። ባሏ ጥሏት ከሄደ ወዲህ ሶስና ከምትባል አንዲት ልጇ ጋር የምትኖረው እዚያው ፔንሲዮኗ ውስጥ፣ ከጓሮ በሩ አጠገብ ባለችው የመጨረሻ ክፍል ነው። ሰው ሁሉ «እትዬ የሺ» ነው የሚለኝ፣ «እታለም» ብላ የምትጠራኝ በዓለም ላይ እሷ ብቻ ናት።

የሁለታችንም ቤት አሠራሩ አንድ ነው፣ ረጅም ኮሪደር፣ ፊት ለፊት መግቢያ፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ ወደ ኋላ መተላለፊያ የሚያስወጣ የላሜራ በር። የጓሮው በር ድሮ አይቆለፍም ነበር። አንድ ጊዜ ግን አንድ እንግዳ፣ ደህና ኮት የለበሰ ሰው ነው ደግሞ፣ በዚያ በኩል ከነብርድ ልብሴ ከነቴሌቪዥኔ ተሰናበተኝ። ከዚያ በኋላ በሩና መቃኑ ላይ ቀዳዳ አስበስቼ ሰንሰለት አስገባሁ፣ በውስጥ በኩል በጓጉንቸር ከረቸምኩት፣ ቁልፉን ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩት። ጽጌም ከእኔ አይታ እንደኔ አደረገች። መስኮቶቹ እንደ ማንኛውም የአዲስ አበባ መስኮት በብረት ፍርግርግ የታጠሩ ናቸው። ሌባ እንዳይገባ ነው ያጠርነው፣ ሰው በየት ይወጣል ብሎ ያሰበ አልነበረም።

ቤቴ ውስጥ ደንብ አለ፣ ሲጋራ አይጨስም፣ ከሰል አይገባም፣ ምድጃ አይሰካም፣ ይህን ገና ሻንጣቸውን ሳያስቀምጡ ነው የምነግራቸው። ጧፍ ግን፣ እስቲ እናንተው ፍረዱኝ፣ ሕመምተኛ ልጇን ይዛ የመጣች እናት ውዳሴ ማርያሟን ልትደግም ጧፍ ስታበራ «አጥፊ» የሚል ምን ዓይነት ሰው ነው? መብራት በጠፋ ቁጥር በየክፍሉ ጧፍ ይበራል፣ ማቆሚያ ስለሌለው ደግሞ ሰሙን ጠብ ጠብ አድርገው የአልጋው ራስጌ እንጨት ላይ ያጣብቁታል። ጠዋት ስናጸዳ ራስጌው ላይ ጠቆር ጠቆር ያለ ነጥብ እናገኛለን፣ በቢላ ፍቀን እናልፋለን። ጽጌም ቤት ያው ነው፣ ቅያሱ ውስጥ ያለው ማረፊያ ሁሉ ያው ነው።

የነገረን አጥቶም አይደለም። አንድ ጊዜ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤቶች ሁላችንም ተጠርተን ስለ እሳት ሥልጠና ተሰጥቶናል። አሰልጣኙ ድምፁ የሻከረ ጎልማሳ ነበር፣ «እስቲ ዓይናችሁን ጨፍኑ» አለን፣ ጨፈንን፣ «ቤታችሁ በጭስ ተሞልቷል፣ መብራት የለም፣ እንግዳው ቤቱን አያውቀውም፣ የፊቱ በር እየነደደ ነው፣ በየት ነው የሚወጣው?» ብሎ ጠየቀን። ቀጠለና፣ በጭስ ውስጥ ቆሞ መሄድ እንደማይቻል፣ ትንሽ የሚተነፈስ አየር ያለው ወለሉ አጠገብ ስለሆነ በእጅና በጉልበት እየዳኹ መውጣት እንደሚገባ፣ ሁለተኛ መውጫ ያለ ቁልፍ ከውስጥ መከፈት እንዳለበት አስረዳን። «ቤቱ የእናንተ ነው፣ እዚያ ቤት ያደረ ሰው ሁሉ የእናንተ አደራ ነው፣ ሳይቃጠል በቅጠል ነው እናቶቼ» ብሎ ጨረሰ። ጽጌ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለችና «ቅጠሉማ ሞልቶናል፣ እንጦጦ ሥር አይደል ያለነው» አለችኝ፣ እኔም በነጠላዬ አፌን ሸፍኜ ሳቅኩ።

ከዚያ ሁለታችንም የእሳት ማጥፊያ ገዛን፣ አልዋሽም። እኔ መግቢያው ላይ ሰቀልኩትና ቀዩ ቀለም ዓይን ሲወጋኝ የፕላስቲክ አበባ አንጠለጠልኩበት፣ ጽጌ ደግሞ እንዳይሰረቅ ብላ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችበት። የጓሮ በሮቹ እንደተከረቸሙ ቀሩ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው፣ ከእንጦጦ ጉም እየወረደ ቅያሱን ማልበስ የሚጀምርበት ጊዜ። ለዓይን ያዝ ሲያደርግ መብራት ጠፋ፣ እኔ ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ባለችው ማድ ቤት፣ በሩን ገርበብ አድርጌ፣ በስልክ መብራት ምስር እለቅማለሁ፣ ከየክፍሉ የጸሎት ድምፅ ይሰማል፣ ሁሉም ነገር እንደ ወትሮው ነው። የጓሮው በር ተመታ። በጡጫ የተመታ አይደለም፣ በመዳፍ ነው፣ ቧ፣ ቧ፣ ቀስ ብሎ፣ ከታች በኩል። ጎረቤት ነው ብዬ «ማነው?» አልኩ። ቆየት አለና ደገመ። ዘበኛዬ ጋሽ ቶላ ግቢ በር ላይ ነበሩ።

«ጋሽ ቶላ፣ ከጓሮ በኩል ሰው አለ መሰለኝ፣ እስቲ ዞረው ይዩልኝ።»

ሄዱ፣ ከውጭ ሲያስሉ ሰማኋቸው፣ ተመልሰውም መጡ።

«ማንም የለም እትዬ፣ ውሻ እንኳን አላገኘሁ።»

ገና ይህን ተናግረው ሳይጨርሱ በሩ ተመታ፣ አሁን በፍጥነት፣ ብዙ እጅ እንደሚመታው።

«ይኸው! አልሰሙም?»

«ምኑን?» አሉኝ፣ ትክ ብለው እያዩኝ። እመኑኝ፣ የጋሽ ቶላ ጆሮ አይጥ ስትሄድ የሚሰማ ጆሮ ነው።

ምስሩን አስቀምጬ ወደ በሩ ሄድኩ፣ የስልኩን መብራት አበራሁበት። ሰንሰለቱ ይወዛወዛል። ነፋስ ነው እንዳልል ጉም የተኛበት ቀን ነው፣ ቅጠል አይንቀሳቀስም። ያኔ ነው ድምፁ ከውጭ እንዳልሆነ የገባኝ። ይመታ የነበረው በውስጥ በኩል ነው፣ እኔ በቆምኩበት በኩል፣ እና አጠገቤ ማንም የለም። መብራቱን ዝቅ ሳደርግ አረንጓዴው ቀለም ላይ እጅ አየሁ፣ ጥላሸት የነካው መዳፍ፣ ጣቶቹ የተዘረጉ፣ ከእኔ እጅ የሚተልቅ የአዋቂ ሰው እጅ፣ ግን ጉልበቴ አካባቢ ዝቅ ብሎ ነው ያለው። አዋቂ ሰው እዚያ ድረስ ዝቅ ብሎ በር የሚመታው ምን ሆኖ ነው እያልኩ ሳስብ የጨርቅ ጭስ ሸተተኝ። የሸተተኝ ግን ከበሩ አይደለም፣ ከጀርባዬ፣ ከክፍሎቹ ነው።

ሮጥኩ። ከሰሜን ሸዋ የመጡ አንዲት እናት ያረፉባት ክፍል በሯ ሥር ጭስ ያወጣል፣ ሴትየዋ ለደቂቃ ወደ መታጠቢያ ቤት ብቅ ብለዋል፣ ራስጌው ላይ ያጣበቁት ጧፍ ወድቆ ብርድ ልብሱ ተያይዞ የስፖንጁ ፍራሽ ጠርዝ መንጠባጠብ ጀምሯል። ወደ መግቢያው በረርኩ፣ ማጥፊያውን አወረድኩ፣ አበባው እጄ ላይ ተጠመጠመ፣ መቆለፊያውን እንዴት እንደሚነቅሉት ያኔ ሥልጠና ላይ አሳይተውን ነበር፣ እኔ ግን በዚያን ሰዓት ስሜንም አላስታውስም። ወርውሬው ወደ ክፍሉ ተመለስኩና ግድግዳው ሥር የቆመውን ባለ ጸበል ጀሪካን አንስቼ ደፋሁበት። ጠፋ፣ ጢሱ ብቻ ቀረ፣ ኮርኒሱ ሊያያዝ ክንድ የማይሞላ ቀርቶት ነበር።

እናትየዋ መጥተው ሲያዩ መሬት ላይ ተደፉ፣ ከዚያ እልል አሉ። «ጸበሉ ነው ያዳነን፣ ጸበሉ ነው!» ሌሎቹም እንግዶች ተቀበሏቸው። ጽጌ ነጠላዋ እየተጎተተ ደርሳ ግድግዳዬን ሳመችው።

«አየሽ እታለም፣ ጸበል ያለበት ቤት አይቃጠልም።»

«ውሃ ስለሆነ ነው የጠፋው ጽጌ። ጀሪካኑ ባዶ ቢሆንስ ኖሮ?»

«ኧረ ተይ፣ እንዲህ አይባልም» ብላ አፌን በእጇ ያዘችው።

የጸበሉን ኃይል ልክድ አይደለም፣ ምን ቆርጦኝ። ግን እሳቱ በምን ተነሣ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። በማግስቱ ወሬው ሽቅብም ቁልቁልም ወጣ ወረደ፣ «እሳት የማይበላው ቤት» ተባልን፣ ያቺን ክፍል ስጡን የሚል እንግዳ በዛ፣ ጽጌም በየክፍሏ አንድ አንድ ጀሪካን አስቀመጠችና ጧፉን እንደ ልባቸው እንዲያበሩ ለቀቀቻቸው። እንዲያውም ጧፍ ራሷ እየገዛች ለእንግዳ ታድል ጀመር።

በሩ ላይ ያየሁትን እጅ በሳሙና አጥቤ አስለቀቅኩት፣ ለማንም አልተናገርኩም፣ ከድንጋጤ ነው ብዬ ልረሳው ነበር። በማግስቱ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ በሩ ተመታ። በሦስተኛውም ቀን። ቤቱን ክፍል በክፍል አስሳለሁ፣ የሚነድ ነገር የለም፣ ስመለስ ሰንሰለቱ ይወዛወዛል፣ እጁም ያው ጉልበቴ ጋ አለ። በመጨረሻ እንቅልፍ ሲያሳጣኝ፣ ያ ሻካራ ድምፅ «በእጅና በጉልበት እየዳኹ» ያለው ትዝ አለኝ፣ ትዝ ሲለኝ ክው ብዬ እዚያው ኮሪደር ላይ ቁጭ አልኩ። በሩን የሚመቱት እየዳኹ የመጡ ሰዎች ናቸው።

ከአንገቴ ቁልፉን አወጣሁ፣ ጓጉንቸሩን ከፈትኩ፣ ሰንሰለቱን መዘዝኩና በሩን ወለል አድርጌ ወደ ውጭ ገፋሁት። ብርዱ ገባ። ከዚያ፣ ይህን ስነግራችሁ እኔም ራሴን እታዘበዋለሁ፣ የቀሚሴ ጫፍ በዚህም በዚያም ተነካ፣ ሰው በሰው ላይ ተጣድፎ ሲወጣ በጎናችሁ የሚተላለፋችሁ ዓይነት፣ አንድ ሰውም ዝቅ ብሎ አሳለ። መተላለፊያው ላይ ማንም አልታየኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ በሬ ተመትቶ አያውቅም። ሰንሰለቱን ጣልኩት፣ ከውስጥ ያለ ቁልፍ የሚከፈት መወርወሪያ አስገጠምኩ፣ ጧፍ ከለከልኩ፣ ባትሪ ፋኖስ ገዝቼ በየክፍሉ አስቀመጥኩ። «ጸበልተኛ ላይ ጧፍ የከለከለች» ተብዬ ታማሁ፣ እንግዳም ሸሸኝ፣ ይሁን አልኩ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ እንዴት ደስ ባለኝ።

ክረምቱ አልፎ ነው፣ አንድ ምሽት አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ እግሬን ሳሽ ከግድግዳው ወዲያ፣ ከጽጌ በኩል፣ ቧ፣ ቧ ሲል ሰማሁ። ወዲያው ነው ያወቅኩት። ነጠላዬን ጣል አድርጌ ሄድኩ፣ የመጨረሻዋ ክፍል ውስጥ እናትና ልጅ ቁጭ ብለዋል፣ ሶስና አልጋው ላይ የቤት ሥራዋን ትሠራለች፣ ጽጌ የትራስ ልብስ ትሰፋለች። ተቀመጥኩ። ከበራፉ ውጭ፣ ከኮሪደሩ፣ የጓሮው በር ይመታል። ሁለቱም ቀና አላሉም።

«ጽጌ፣ ምንም አይሰማሽም?»

ክር በጥርሷ ይዛ ስለነበር በጭንቅላቷ «ምን?» አለችኝ። በዚያች ቅጽበት፣ ክሩ ከጥርሷ ሳይወጣ፣ ከንፈሯ እንደተገጠመ፣ የራሷ የጽጌ ድምፅ ከኮሪደሩ «እታለም» አለኝ። ሳል ያፈነው ድምፅ ነው። «እታለም፣ ክፈቺልኝ።»

ዘልዬ ወጣሁ። ኮሪደሩ ባዶ ነው፣ ሰንሰለቱ ይወዛወዛል፣ በሩ ላይ፣ ጉልበቴ ጋ፣ ጥላሸት የነካ የሴት እጅ አለ። ከእሱ ዝቅ ብሎ ደግሞ ትንሽ እጅ አለ፣ ጣቶቹ አጫጭር የሆኑ፣ የልጅ እጅ።

«ይኸው፣ ነይ እዪው!» አልኳት። ጽጌ ጎንበስ ብላ አየችው፣ በጣቷ ፈተግ ፈተግ አደረገችው።

«ዝገት ነው እኮ። ምን ሆንሽ እታለም፣ አሞሻል እንዴ?»

ያን ምሽት ሁሉን ነገርኳት፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ ሶስና እንዳትሰማ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። አልሳቀችብኝም፣ ብትስቅ ይሻለኝ ነበር። እጄን ይዛ እየደባበሰች አዳመጠችኝና «እኔ ብቻዬን ያለሁ ሴት ነኝ» አለች፣ «ከእኔ ክፍል እስከዚያ በር ሁለት እርምጃ ነው። ክፍት ባድረው፣ ከዚያ መተላለፊያ የሚመጣውን ሰካራም ማን ይመልስልኛል? ለእሷ ብዬ እኮ ነው የምቆልፈው።» ልጇን በአገጯ አሳየችኝ። ምን ልበላት? ለእሷ ብለሽ ነው የምትቆልፊባት ልበላት? መወርወሪያ ላስገጥምልሽ፣ ከውጭ አይከፈትም አልኳት፣ አንቺን የዘረፈሽም ሰውዬ እኮ በዚያ በር ከውስጥ ነው የወጣው አለችኝ፣ እውነቷን ነው። «ደግሞ ጸበሉ አለ» ብላ ጨመረች፣ «በየክፍሉ አለ፣ አንቺው ቤት አይደል ያየነው።»

በየቀኑ ለመንኳት፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። አንድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ጠብቄ መዶሻ ይዤ ገባሁ፣ ጓጉንቸሩን ሰበርኩት። ተመልሳ አየችና ሸጎሌ ድረስ ወርዳ ጡጫ የሚያክል ጓጉንቸር ገዝታ መጣች፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ ስትጠራኝ «የሺ» ሆንኩ። ሽማግሌ ልኬባት ነበር፣ ሽማግሌዎቹ እኔኑ መክረው ተመለሱ፣ ቤቱ የእሷ ነው፣ ተዪያት አሉኝ። ለሚመለከተው ክፍል አመለከትኩ፣ ሰው መጣ፣ ያን ቀን ሰንሰለቱ የለም፣ በሩ ወለል ብሏል፣ ማጥፊያው ከቁም ሣጥን ወጥቶ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ ሰውየው «ሁልጊዜም እንዲህ ይሁን» ብሎ አመስግኗት ሄደ፣ መኪናው ከቅያሱ ሳይወጣ ሰንሰለቱ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ጭራሽ ግቢዋን ዘጋችብኝ።

ዘመድ ሁሉ የሺ ታማለች አለ። ጸበል ሂጂ አሉኝ፣ ሄድኩ፣ እንኳን ጸበል ሌላም ቢሉኝ እሄድ ነበር፣ ጎሕ ሲቀድ ከእንግዶቼ ጋር ሽቅብ ወጥቼ በዚያ ብርድ ተጠመቅኩ፣ ጠጣሁ፣ አለቀስኩ፣ ይህን ድምፅ ከእኔ ላይ ንቀልልኝ ብዬ ሳይሆን እህቴን አስከፍትልኝ ብዬ ነው የለመንኩት። ተመልሼ መጣሁ። ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ከግድግዳው ወዲያ ቧ፣ ቧ አለ፣ «እታለም» አለኝ፣ በእውን፣ በራሷ ከንፈር ከጠራችኝ ስንት ጊዜዋ። ስሜን በዚያ አጠራር የምሰማው እንዲያ ብቻ ሆነ። አንዳንድ ጊዜ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ ናፍቆኝም እጠብቀው ነበር።

ትናንት እንደ ልማዴ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ጆሮዬን ወደ ግድግዳው ሰጠሁ። መብራት ጠፍቷል። ጠበቅኩ፣ ጨለመ፣ ምንም የለም። ተመስገን ልል አፌን ከፍቼ አንድ ነገር ትዝ አለኝና ቃሉ አፌ ላይ ቀረ። በጓሮ መተላለፊያው ዞሬ ሄድኩ። በሯን ገፋሁት፣ ጣት የምታስገባ ያህል ከፈት አለና ሰንሰለቱ ያዘው። ጓጉንቸሩ በውስጥ በኩል ነው፣ እጄ አይደርስበትም። በክፍተቱ ሳይ ሶስና የበራ ጧፍ ይዛ፣ እንዳይጠፋባት በሌላ እጇ ከልላ፣ በኮሪደሩ ወደ ክፍላቸው ስትሄድ አየኋት፣ ጽጌም ከውስጥ «ራስጌው ላይ አቁሚው» ስትላት ሰማሁ።

«ጽጌ!» አልኩ። አልሰማችኝም። በሩን በመዳፌ መታሁት፣ ደጋግሜ መታሁት፣ ላሜራ ነው፣ ድምፁ ሰፈር ይቀሰቅሳል፣ «ጽጌ፣ ሶስና፣ ክፈቱልኝ!» እያልኩ ድምፄ እስኪዘጋ ጮኽኩ። ልጅቷ ቀና እንኳን ሳትል ገባች። በሩ ሥር ተቀመጥኩ፣ እዚያ ሆኜም መታሁ፣ እዚያች ዝቅ ያለችው ቦታ ላይ። የሰማኝ የለም።

ዛሬ ጠዋት ሶስና ቦርሳዋን አንግታ ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ በመስኮት አይቻታለሁ፣ ደህና ናት። ጽጌም አንሶላ ስታሰጣ ነበር። አሁን ደግሞ ሊመሽ ነው፣ ጉሙ ወርዷል፣ ግድግዳው ሥር ተቀምጫለሁ፣ ዛሬም ከወዲያ በኩል ጸጥ ብሏል። እኔ ቤት ማንኳኳቱ ያቆመው በሩን ስከፍት ነው። የእሷን በር የከፈተ ሰው የለም። እንግዲህ እነዚያ እጆች ዝም ያሉት ወጥተው አይደለም።